«እናንተስ ማን ትሉኛላችሁ?»፦ ኢየሱስ ማን እንደሆነ ለራስ መወሰን ሲባል ምን ማለት ነው?

«ኢየሱስ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ብዙዎቻችን መልሱን ያወቅነው ጥያቄውን ሳንጠይቅ ነው። ከቤተሰብ ወረስነው፣ ከመዝሙር ሰማነው፣ ወይም ከማያምን ጓደኛ ጋር ስንከራከር በስሜት ያዝነው። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ደግሞ ሁለት አባባሎች አይጠፉም። አንደኛው «ኢየሱስን አምላክ ያደረጉት ጳጳሳት ናቸው፣ በ325 ድምፅ ሰጥተው» ይላል። ሁለተኛው «እያንዳንዱ ሰው የራሱ ኢየሱስ አለው፣ ማንም ምንም ሊለኝ አይችልም» የሚል ነው። በ325 ጳጳሳቱ የተሰበሰቡበት የኒቅያ ጉባኤ 1700ኛ ዓመት በ2025 ስለታሰበ ስለ መጀመሪያው አባባል የሚጠይቅ ሰው በዝቷል። ሁለተኛውን ግን ቆም ብሎ የሚጠይቅ ብዙም አላይም፤ ለዚህ ነው ሁለቱን አብሬ ላብራራ ያሰብኩት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄውን መጀመሪያ ያነሳው ማን ነው?

ራሱ ኢየሱስ ነው። ማቴዎስ ምዕራፍ 16፣ ማርቆስ ምዕራፍ 8 እና ሉቃስ ምዕራፍ 9 ላይ ታገኙታላችሁ። ማቴዎስና ማርቆስ ቦታውንም ይነግሩናል፦ የፊልጶስ ቂሣርያ። ከገሊላ በስተሰሜን፣ በአርሞንዔም ተራራ ግርጌ ያለች፣ ፓን የሚባለው የግሪኮች ጣዖት የሚመለክበት ዋሻ የነበረባት አካባቢ ናት። ሰው ብዙ አማልክት በሚጠራበት ሰፈር ነው እንግዲህ ደቀ መዛሙርቱን የጠየቃቸው።

የጠየቀው ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ሰዎች ማን እንደሚሉት ጠየቃቸው። መልሱ ቀላል ነበር፤ የሰሙትን መናገር ብቻ ነው። መጥምቁ ዮሐንስ የሚሉ አሉ፣ ኤልያስ የሚሉ አሉ፣ ኤርምያስ ወይም ከነቢያት አንዱ ነው የሚሉም አሉ። ከዚያ «እናንተስ እኔን ማን እንደ ሆንሁ ትላላችሁ?» አላቸው። እዚህ ላይ የሌላ ሰው ወሬ መጥቀስ አይበቃም። ጴጥሮስ «አንተ ክርስቶስ የሕያው እግዚአብሔር ልጅ ነህ» ሲል መለሰ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ግን ቀጥሎ ያለው እኩል አስፈላጊ ነው። ኢየሱስ መከራ እንደሚቀበልና እንደሚገደል ሲነግራቸው ያው ጴጥሮስ «አይሁንብህ» ብሎ ሊገሥጸው ጀመረ፣ ከዚያም «ወደ ኋላዬ ሂድ፣ አንተ ሰይጣን» የሚለውን ከባድ ቃል ሰማ። ትክክለኛውን ስም ጠርቶ ነበር። በስሙ ውስጥ የከተተው ሐሳብ ግን የራሱ ነበር። ክርስቶስ ማለት መሲሕ፣ በእግዚአብሔር የተቀባ ማለት ነው፤ በዘመኑ ብዙ አይሁድ ከመሲሑ የሚጠብቁት ድል የሚያደርግ ንጉሥ ነበር፣ የሚሰቀል ሰው አልነበረም። ስለዚህ «ክርስቶስ ነው» ብሎ መመለስ የጥያቄው ግማሽ ብቻ ነው። ምን ዓይነት ክርስቶስ? የሚለው ይቀራል።

ታዲያ ለራስ መወሰን የራስን ኢየሱስ መፍጠር ነው?

ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። አንደኛው «መልሱን ማንም ሊመልስልኝ አይችልም፣ እኔው ነኝ የምመልሰው» ማለት ነው። ሌላው ደግሞ «መልሱ እኔ የፈለግሁት ነው» ማለት ነው። ክርስትና የመጀመሪያውን ይጠይቃል፣ ሁለተኛውን ግን አይቀበልም። ኢየሱስ የኖረ፣ የተናገረ፣ የሞተ ሰው ከሆነ ስለ እሱ የምንለው ነገር ልክ ወይም ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ምርጫችን ስላደረግነው ብቻ እውነት አይሆንም።

ልዩነቱን በደንብ የሚያሳይ አንድ ሰው አለ። የአሜሪካ ሦስተኛ ፕሬዚዳንት የነበረው ቶማስ ጀፈርሰን በ1820 ገደማ፣ በእርጅናው፣ ወንጌሎችን በምላጭ እየቆረጠ የሚስማማውን ብቻ በባዶ ገጽ ላይ ለጠፈ። ትምህርቱንና ምሳሌዎቹን አስቀረ። ተአምራቱን አወጣ። መጨረሻው ድንጋዩ በመቃብሩ ደጃፍ ላይ ሲንከባለል ነው፤ ትንሣኤ የለም። ጀፈርሰን ቅን ሰው ሆኖ ነው ይህን ያደረገው፣ ኢየሱስንም እንደ ታላቅ የሥነ ምግባር አስተማሪ ያከብረው ነበር። ነገር ግን ውጤቱን ስታዩት የ18ኛው ክፍለ ዘመን ምክንያታዊ ፈላስፋ ይመስላል፤ በሌላ አነጋገር ጀፈርሰንን ራሱን ይመስላል።

ይሄ የእሱ ችግር ብቻ አልነበረም። ምሁራንም አላመለጡም። አልበርት ሽዋይዘር በ1906 ባሳተመው ሰፊ ጥናት ከእሱ በፊት የኢየሱስን ታሪክ የጻፉትን ሊቃውንት አንድ በአንድ መረመረና እያንዳንዱ ዘመንና እያንዳንዱ ጸሐፊ የራሱን አስተሳሰብ በኢየሱስ ላይ እንዳገኘ አሳየ። ዛሬም ያው ነው። አብዮተኛ የሆነ ሰው አብዮተኛ ኢየሱስን ያገኛል፤ ሀብት የሚወድ ሀብት የሚሰጥ ኢየሱስን ያገኛል። እኔ የምለው፣ ያገኘነው ኢየሱስ ምንም ነገር የማይቃወመን ከሆነ ምላጩ በእጃችን እንዳለ መጠርጠር ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ በእርግጥ ኖሯል?

አዎ። በዚህ ላይ የጥንት ታሪክ ምሁራን፣ የማያምኑትም ጭምር፣ ከጥቂቶች በቀር ይስማማሉ። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ፣ ክርስቲያኖችን ጨርሶ የማይወድ ሰው፣ በ2ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሲጽፍ «ክርስቶስ» በንጉሠ ነገሥት ጢባርዮስ ዘመን በጴንጤናዊው ጲላጦስ መገደሉን ይጠቅሳል። አይሁዳዊው ዮሴፈስም በ93 ገደማ በጻፈው ታሪክ ያዕቆብን «ክርስቶስ የተባለው የኢየሱስ ወንድም» ብሎ ይጠራዋል። ዮሴፈስ ስለ ኢየሱስ የጻፈው ሌላ ረዘም ያለ አንቀጽም አለ፤ እሱ ላይ ግን በኋላ ክርስቲያን ገልባጮች ቃላት ሳይጨምሩበት እንዳልቀሩ ብዙ ምሁራን ስለሚያምኑ በጥንቃቄ ነው የሚጠቀሰው።

የተወለደው ታላቁ ሄሮድስ ከመሞቱ በፊት ስለሆነ ብዙዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት 6 እስከ 4 ባለው ጊዜ ያደርጉታል (እንግዳ ይመስላል፣ ግን ዘመኑን በኋላ የቀመሩት ሰዎች ስለተሳሳቱ ነው)። የተሰቀለበት ዓመት 30 ወይም 33 ነው ተብሎ ይገመታል።

ወንጌሎቹ ለምን አራት ሆኑ? ደግሞስ ይስማማሉ?

አንድ አባት ስላሳደጋቸው አራት ወንድማማቾች አስቡ። ስለ አባታቸው ብትጠይቋቸው የመጀመሪያው ስለ ሥራው፣ ሁለተኛው ስለ ምክሩ፣ ሌላው ለድሃ ስለነበረው ርኅራኄ፣ የመጨረሻው ዝምታው ውስጥ ስላየው ነገር ሊነግራችሁ ይችላል። አንዳንዱን ቀን በተለያየ ቅደም ተከተል ያስታውሱታል። ሰውየው ግን አንድ ነው። ማርቆስ ፈጣንና አጭር ነው፣ አብዛኞቹ ምሁራን መጀመሪያ የተጻፈው እሱ ነው ይላሉ፣ በ70 አካባቢ። ማቴዎስ ኢየሱስን ከብሉይ ኪዳን ተስፋ ጋር ያያይዘዋል። ሉቃስ ድሆችን፣ ሴቶችንና የተገፉትን በተለየ ዓይን ያያል። ዮሐንስ መጨረሻ የተጻፈ ሲሆን «በመጀመሪያው ቃል ነበረ» ብሎ ከዘላለም ይጀምራል። የጳውሎስ መልእክቶች ደግሞ ከአራቱም ይቀድማሉ፤ አብዛኞቹ በ50ዎቹ የተጻፉ ናቸው።

ስታነቧቸው ሁለት ዓይነት ነገር ታገኛላችሁ። በአንድ በኩል ኢየሱስ ይደክማል፣ ይራባል፣ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ ያለቅሳል፣ «አብ ከእኔ ይበልጣል» ይላል፣ ተመልሶ የሚመጣባትን ያቺን ቀን ወልድም ቢሆን እንደማያውቃት ይናገራል። በሌላ በኩል ኃጢአት ይቅር ይላል፣ ስግደት ይቀበላል፣ በዓለም ላይ ሊፈርድ እንደሚመጣ ይናገራል። ማርቆስ ምዕራፍ 4 ላይ ሁለቱም በአንድ ትዕይንት ይገኛሉ። ማዕበል ጀልባዋን ሲመታ እሱ ደክሞት ትራስ ተንተርሶ ተኝቷል። ቀሰቀሱት። ተነሥቶ ነፋሱን ገሠጸው፣ ጸጥታም ሆነ። ደቀ መዛሙርቱ እጅግ ፈርተው «እንግዲህ ነፋስም ባሕርም የሚታዘዙለት ይህ ማን ነው?» ተባባሉ። ጥያቄው የኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ አብረውት ጀልባ ውስጥ የነበሩትም ጠይቀውታል።

«እኔ አምላክ ነኝ» ብሎ ያውቃል?

ይህ ጥያቄ በክርክር መሃል ሁሌ ይነሳል። «እኔ አምላክ ነኝ፣ አምልኩኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር በእነዚህ ቃላት ወንጌል ውስጥ የለም። ይህን ለመናገር መፍራት የለብንም። ጥያቄው ግን እዚያ አያልቅም። አይሁዳዊ አድማጮቹ ምን ሰሙ? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ማርቆስ ምዕራፍ 2 ላይ ሽባውን «አንተ ልጅ፣ ኃጢአትህ ተሰረየችልህ» ሲለው ጻፎች (የሕግ መምህራን) በልባቸው ከአንዱ ከእግዚአብሔር በቀር ኃጢአት ማስተስረይ ማን ይችላል አሉ። ነገሩ ገብቷቸዋል። በፍርድ ሸንጎ ፊት ሊቀ ካህናቱ የቡሩክ ልጅ ክርስቶስ አንተ ነህን ብሎ ሲጠይቀው «እኔ ነኝ» ብሎ የሰውን ልጅ በኃይል ቀኝ ሲቀመጥና በሰማይ ደመና ሲመጣ እንደሚያዩት ነገራቸው፤ በደመና መምጣቱ በቀጥታ ከዳንኤል ምዕራፍ 7 የመጣ ነው፣ ሊቀ ካህናቱም ልብሱን ቀደደ። ዮሐንስ ምዕራፍ 8 ላይ «አብርሃም ሳይወለድ እኔ አለሁ» ሲል ድንጋይ አነሱበት።

እዚህ ላይ ምሁራን ይለያያሉ። አንዳንዶቹ በተለይ በዮሐንስ ወንጌል ያሉት ቃላት ከኢየሱስ አፍ ቃል በቃል የወጡ ሳይሆኑ የቀደመችው ቤተ ክርስቲያን እምነት ናቸው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ፍሬ ነገሩ ከራሱ ከኢየሱስ እንደመጣ ይከራከራሉ። «ወይ ውሸታም ነው፣ ወይ እብድ ነው፣ ወይ ጌታ ነው» የሚለውን ታዋቂ ክርክርም ሰምታችሁ ይሆናል። ክርክሩ «መልካም አስተማሪ ብቻ ነበር» የሚለውን መልስ በደንብ ይፈትነዋል። ግን አንድ በር ክፍት ይተዋል፦ «ተከታዮቹ ጨምረውበት ቢሆንስ?» የሚለውን። ለዚህ ነው ቀጣዩ ጥያቄ ወሳኝ የሚሆነው።

ኢየሱስ አምላክ የሆነው ኒቅያ ላይ ነው?

አይደለም፤ ይህንን ከሰነድ ማየት ይቻላል። በ112 ገደማ በትንሿ እስያ ገዥ የነበረው ሮማዊው ፕሊኒ ስለ ክርስቲያኖች ለንጉሠ ነገሥት ትራጃን ሲጽፍ፣ በተወሰነ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ «እንደ አምላክ» ይዘምራሉ ብሏል። ይህ ከኒቅያ ከ200 ዓመት በላይ በፊት ነው። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ምዕራፍ 2 ላይ ክርስቶስ በእግዚአብሔር መልክ ሲኖር ራሱን ባዶ እንዳደረገ፣ ጉልበት ሁሉም በስሙ እንዲንበረከክ ይጽፋል። ብዙዎች ይህ ክፍል ጳውሎስ ከመጻፉ በፊት ይዘመር የነበረ መዝሙር ሊሆን ይችላል ይላሉ። ስለዚህ ኢየሱስን እንደ ጌታ ማምለክ ስቅለቱን ያዩ ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ የተጀመረ ነገር ነው። ያ ብቻውን እምነቱ ትክክል ነው ማለት አይደለም። በ325 ተፈጠረ የሚለውን ግን ያፈርሰዋል።

ታዲያ ኒቅያ ላይ ምን ነበር ክርክሩ? አርዮስ የሚባል የእስክንድርያ ቄስ ወልድ ከፍጥረት ሁሉ በላይ ቢሆንም ፍጡር ነው፣ «ያልነበረበት ጊዜ ነበር» ብሎ አስተማረ። አርዮስም ቢሆን ኢየሱስን ተራ ሰው አላለውም፤ ይሄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጉባኤው በትውፊት 318 የሚባሉት አባቶች፣ ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው፣ የተሰበሰቡበት ነው። «የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ፣ በመለኮቱ ከአብ ጋር የሚተካከል» ብለው ወሰኑ። ከጳጳሳቱ እስከ መጨረሻው ከአርዮስ ጋር የቆሙት ሁለት ብቻ ነበሩ። በነገራችን ላይ የትኞቹ መጻሕፍት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይግቡ የሚለውንም የወሰነው ይህ ጉባኤ ነው ይባላል፤ ያም ትክክል አይደለም።

«ንጉሡ ስላዘዘ ነው» የሚለውስ? ቆስጠንጢኖስ ጉባኤውን ጠርቷል፣ ውሳኔውንም ደግፏል። ነገር ግን ከእሱ በኋላ ልጁ ቆስጠንጥዮስ ተቃራኒውን ወገን ደገፈ፣ የኒቅያ ዋና ተከራካሪ የነበረው አትናቴዎስም በተለያዩ ነገሥታት ዘመን በጠቅላላው አምስት ጊዜ ተሰደደ። ጉዳዩ በቤተ መንግሥት ፈቃድ ብቻ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ የኒቅያ እምነት በዚያን ጊዜ ይጠፋ ነበር።

ለምን ይህን ያህል ተጋደሉ? ለእነሱ የቃላት ጨዋታ ስላልነበረ ነው። የአትናቴዎስ ነጥብ ይህ ነው፦ ፍጡር ፍጡርን ከእግዚአብሔር ጋር ሊያዋሕድ አይችልም፤ ስለዚህ ወልድ ፍጡር ከሆነ አልዳንንም። የ4ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያን አባት ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ደግሞ ከሌላው አቅጣጫ መጣ። ወልድ ያልተዋሐደው ነገር አልተፈወሰም አለ፤ የሰው ሥጋ ለብሶ የሰው አእምሮና ነፍስ ከሌለው የእኛ አእምሮ ሳይድን ቀረ ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስታዩ የክርክሩ ልብ ይገለጣል፦ አዳኙ ሙሉ በሙሉ ከእግዚአብሔር፣ ሙሉ በሙሉም ከእኛ መሆን አለበት።

ከዚያ በኋላ የቀረው «እንዴት?» ነው። በ431 ኤፌሶን ላይ በእስክንድርያው ጳጳስ በቄርሎስና በቁስጥንጥንያው ጳጳስ በንስጥሮስ መካከል ክርክሩ ተነሳ፣ ማርያም «ወላዲተ አምላክ» ትባላለች ተብሎም ጸና። በ451 ኬልቄዶን ላይ «አንድ አካል፣ ሁለት ባሕርይ» ተባለ (አካል «ማን ነው?» ለሚለው፣ ባሕርይ «ምንድን ነው?» ለሚለው መልስ ነው)። የግብፅ፣ የሶርያ፣ የአርመንና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ይህን አገላለጽ አልተቀበሉም፤ መለኮትና ሥጋ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መለያየት ተዋሕደው አንድ ባሕርይ ሆኑ ይላሉ። ተዋሕዶ የሚለው ስም ከዚህ የመጣ ነው። ካቶሊኮች፣ ምሥራቃውያን ኦርቶዶክሶች (እንደ ግሪክና ሩሲያ ያሉት) እና አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶች የኬልቄዶንን አገላለጽ ይዘዋል። ሁሉም ግን ፍጹም አምላክ ፍጹም ሰው መሆኑን ያምናሉ።

በዚህ የማይስማሙስ?

የይሖዋ ምሥክሮች ኢየሱስ የመጀመሪያው ፍጥረት ነው ይላሉ። ኦንሊ ጂሰስ በሚል ስም የሚታወቁት አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ ሦስት አካላት ሳይሆኑ አንዱ አምላክ የተገለጠባቸው መንገዶች ናቸው ብለው ያምናሉ። እስልምና ዒሳ ከድንግል የተወለደ መሲሕና ታላቅ ነቢይ ነው ይላል፤ የአምላክ ልጅነቱንና ስቅለቱን ግን አይቀበልም። በአይሁድ እምነት መሲሑ ገና አልመጣም። ከእነዚህ ጋር ስትነጋገሩ ራሳቸው የሚያምኑትን ከራሳቸው መስማት ጥሩ ነው፤ ስማቸውን ብቻ ይዞ መከራከር የትም አያደርስም።

ቤተ ክርስቲያን ከወሰነችው እኔ የምወስነው ምኑን ነው?

ዮሐንስ ምዕራፍ 4 ላይ ሳምራውያን መጀመሪያ ያመኑት ኢየሱስን በውኃ ጉድጓድ አጠገብ ባገኘችው ሴት ምስክርነት ነበር። ኢየሱስ ሁለት ቀን አብሯቸው ከተቀመጠ በኋላ ግን «አሁን የምናምን ስለ ቃልሽ አይደለም፥ እኛ ራሳችን ሰምተነዋልና» አሏት። የሴቲቱን ቃል አልጣሉትም፤ እሷ የነገረቻቸው ሰው ራሱ ነው ያገኙት። የተለወጠው እነሱ ከእሱ ጋር ያላቸው ቦታ ነው።

ክርስቲያኖች ይህን በተለያየ መንገድ ይኖሩታል። ወንጌላውያን አማኞች «ጌታን ተቀበልኩ» ሲሉ አንድ ግልጽ ውሳኔ ያደረጉበትን ጊዜ ማለታቸው ነው። ኦርቶዶክስና ካቶሊክ ደግሞ ሕፃናትን ያጠምቃሉ፣ እምነት ከጉባኤው ጋር የሚቀበሉት ሆኖ በንስሐ፣ በቍርባንና በሕይወት ዘመን ሁሉ የሚያድግ ነው። ሁለቱም ጋ ግን «አባቴ ያምን ነበር» ማለት ብቻውን በቂ መልስ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ጴጥሮስ ሲመልስ ኢየሱስ «ሥጋና ደም አልገለጠልህም» አለው። በክርስትና ትምህርት ውሳኔው የሰው ነው፣ ዓይን የሚከፍተው ግን እግዚአብሔር ነው። በዚያ ላይ እምነት ከመረጃ ይሰፋል። የያዕቆብ መልእክት አጋንንትም እግዚአብሔር አንድ እንደሆነ አምነው እንደሚንቀጠቀጡ ይናገራል። ስለ ኢየሱስ ልክ የሆነ ዓረፍተ ነገር መያዝና ራስን ለእሱ አደራ መስጠት ይለያያሉ ማለት ነው።

ከየት ልጀምር? ብጠራጠርስ?

ከማርቆስ ጀምሩ። 16 ምዕራፍ ነው፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ስታነቡ እያንዳንዱ ሰው ስለ ኢየሱስ ማን ነው እንደሚል በወረቀት ያዙ፦ አጋንንት፣ ጻፎች፣ ደቀ መዛሙርት፣ ጲላጦስ፣ በመስቀሉ አጠገብ የቆመው የመቶ አለቃ። ከዚያ ዮሐንስን። የማይመቻችሁን ቃል አትዝለሉት፤ «ቸር ከአንዱ ከእግዚአብሔር በቀር ማንም የለም» የሚለውንም፣ «ጌታዬ አምላኬም» የሚለውንም። ካስቸገራችሁ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፣ ከተቻለ ከአንድ በላይ።

ጥርጣሬን በተመለከተ፣ ማርቆስ ምዕራፍ 9 ላይ የታመመ ልጁን ይዞ የመጣው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» አለ። ኢየሱስ ልጁን ፈወሰለት እንጂ አምነህ ስትጨርስ ተመለስ አላለውም። ጊዜ የወሰደባቸው ሰዎችም አሉ። የዮሐንስ ወንጌል የኢየሱስ ወንድሞች የተባሉት ሳይቀሩ በሕይወቱ ሳለ አላመኑበትም ይላል። ጳውሎስ ግን ከሞት የተነሣው ኢየሱስ ከእነዚህ ወንድሞች አንዱ ለሆነው ለያዕቆብ እንደታየ ይጽፋል። ይህ ያዕቆብ የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን መሪ ሆነ፤ በ62 ገደማም፣ ያ ዮሴፈስ እንደመዘገበው፣ በድንጋይ ተወግሮ ሞተ።